ቀንድ አውጣዎቹ ለምን ሞቱ? የዶክተር አክሊሉ ለማ ታሪክ

ወላይታ ሶዶ ላይ ኦቶና ስትሉ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ትዝ የሚለው ሆስፒታሉ ነው። እንግዲህ አንድ ልጅ ከገጠር ወረዳ ወደ ኦቶና መጣ እንበል። ሆዱን ያመዋል፣ ሰገራው ላይ ደም ያያል፣ ክፍል ውስጥ ቶሎ ይደክመዋል። ሐኪሙ የሰገራ ምርመራ ያዛል። የላቦራቶሪ ባለሙያዋ ከናሙናው ጥቂት ወስዳ መስታወት ላይ ታደርግና በማይክሮስኮፕ ትመለከታለች። ጎኑ ላይ እሾህ ያለው እንቁላል ካየች ነገሩ ታወቀ። ቢልሃርዚያ ነው።

ልጁ ፕራዚኳንቴል የሚባለውን ክኒን ይውጣል፣ ይሻለዋል፣ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። በሳምንቱ ፀሐይ ሲበረታ ወደዚያው ወንዝ ይገባል። ወንዙ ውስጥ ያው ቀንድ አውጣ አለ። ቀንድ አውጣው ውስጥ ያው ትል አለ። ከወራት በኋላ ልጁ ተመልሶ ወረፋ ሊይዝ ይችላል ማለት ነው።

ልጁን እንበል ብዬ አመጣሁት እንጂ በሽታው እውነት ነው። እዚያው ወላይታ ዞን፣ ዳሞት ወይዴ ወረዳ፣ ደምባ ጊራራ በተባለ ቦታ በተማሪዎች ላይ ተደርጎ በ2015 የታተመ ጥናት ነበር። ከተመረመሩት ልጆች አብዛኞቹ ትሉ ተገኝቶባቸዋል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ክኒኑ ልጁን ያክማል፤ ወንዙንስ ማን ያክመው? ይህን ጥያቄ ይዘው ዕድሜያቸውን የጨረሱ አንድ ኢትዮጵያዊ ነበሩ። ስማቸውን ምናልባት ከፈተና መጽሐፍ ታውቁት ይሆናል፤ እንዶድን ያገኙት ሰው ተብሎ። ታሪካቸው ግን ከዚያች አንድ መስመር በጣም ይሰፋል።

አክሊሉ ለማ የተወለዱት በ1930ዎቹ አጋማሽ ነው። ኢትዮጵያ ከጦርነት ወጥታ የተማረ ሰው ስትፈልግ፣ ወጣቶቿን ወደ ውጭ ልካ ስታስተምር ከነበረበት ዘመን ናቸው። አሜሪካ ተምረው፣ ከታዋቂው ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ይዘው በ1964 አገራቸው ገቡ። ዕድሜያቸው ያኔ ሠላሳ ገደማ ነበር። የተማሩት ጥገኛ ተውሳኮችን ነው፤ ማለትም በሰውና በእንስሳት ገላ ውስጥ ተደብቀው የሚኖሩትን ትላትልና ጥቃቅን ነፍሳት።

ቢልሃርዚያ ያኔ የዓለም ራስ ምታት ነበር። ትሉ ብልጥ ነው። እንቁላሉ ከሰው ሰገራ ጋር ውኃ ውስጥ ይገባል፤ ተፈልፍሎ ቀንድ አውጣ ይፈልጋል፤ ቀንድ አውጣው ውስጥ ተራብቶ በሺዎች ሆኖ ይወጣል፤ ከዚያ ውኃ ውስጥ የቆመ ሰው ካገኘ ቆዳውን በስቶ ይገባል። ልብ በሉ፣ መጠጣት እንኳን አያስፈልግም። እግርን ማስገባት ይበቃል። ሰንሰለቱን ለመበጠስ አንደኛው መንገድ ቀንድ አውጣውን ማጥፋት ነው። ለዚህ የሚሆን ኬሚካል ግን ከውጭ በውድ ዋጋ የሚመጣ ነበር። በድሃ አገር ወንዝ ላይ በየጊዜው ለመርጨት የሚበቃ ገንዘብ ከየት ይምጣ?

ወጣቱ ዶክተር በ1964 አድዋ ሄዱ። ሥራቸው ቀላል የሚመስል ነበር፤ ወንዝ ለወንዝ እየሄዱ ቀንድ አውጣ መፈለግና መቁጠር። አንድ ቦታ ላይ ሴቶች ልብስ ያጥባሉ። እጥበቱ በእንዶድ ነው። የእንዶድን ነገር ከእናታችሁ ወይም ከአያታችሁ ጠይቁ፤ ፍሬው ደርቆ ይወቀጣል፣ ውኃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፣ እንደ ሳሙና ይኮረፍፋል። ነጭ ሸማ በእንዶድ ሲታጠብ ይነጣል።

ዶክተር አክሊሉ እዚያ የተመለከቱት ነገር ይህ ነው። ሴቶቹ ከሚያጥቡበት በላይ ባለው ውኃ ቀንድ አውጣዎቹ በሕይወት አሉ። ከሚያጥቡበት በታች፣ አረፋው በሚወርድበት በኩል፣ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ይንሳፈፋሉ።

ያን ወንዝ ስንት ሰው አይቶታል? ስንት መንገደኛ ተሻግሮታል? ሁሉም አረፋውን አይቷል። ዶክተር አክሊሉ ግን ለምን ብለው ጠየቁ። አንዷን ሴት ለምነው የእንዶዱን ውኃ ከላይ በኩል፣ ሕያዋን ቀንድ አውጣዎች ባሉበት አስጨመሩ። ብዙም ሳይቆይ እነዚያም ሞቱ። ሙከራው ይኸው ነው። መሣሪያው የእንዶድ ውኃ ነበር።

ወደ አዲስ አበባ ተመልሰው በቤተ ሙከራ ደገሙት። ውጤቱ አልተለወጠም። እንዶድ ቀንድ አውጣ ይገድላል፤ ከዚያም በጥቂት ቀናት ውስጥ ራሱ ፈርሶ ይጠፋል። ውኃው ውስጥ ለዓመታት የሚቆይ መርዝ አይደለም። ጉድለትም ነበረበት። ዓሣንም ይጎዳል፣ ዓይንንም ያቃጥላል። ይህንንም አልደበቁም።

በ1966 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን አቋቋሙ። ዛሬ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስማቸውን ይዞ ያለው ተቋም እሱ ነው። ከዚያ ትልቁ ሙከራ መጣ። ከ1969 ጀምሮ ለአምስት ዓመት አድዋ ላይ ወንዞቹ በእንዶድ ታከሙ። ውጤቱን በቁጥር ላስቀምጠው። ከ1 እስከ 6 ዓመት ባሉ ሕፃናት ላይ በሽታው 50 በመቶ የነበረው ወደ 7 በመቶ ወረደ። በጠቅላላው ሕዝብ ላይ ደግሞ ከ63 በመቶ ወደ 34 በመቶ። የሕፃናቱ ቁጥር ለምን ይበልጥ ወረደ? ትልልቆቹ ትሉን ከድሮ ጀምሮ ተሸክመውታል። ሕፃናቱ ግን አዲስ ናቸው፤ በእነሱ ላይ መቀነሱ ወንዙ መንጻቱን ያሳያል።

ታዲያ ይህ ሁሉ ከሆነ እንዶድ ለምን በየወንዛችን አልገባም?

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ በሚገኘው ስታንፎርድ የምርምር ተቋም ኬሚስቶች ከእንዶድ ፍሬ ውስጥ ገዳዩን ንጥረ ነገር ለይተው አወጡት። ስሙንም ለማቶክሲን አሉት፤ ከአክሊሉ ለማ ስም ወስደው። ክብሩ ደስ ይላል። ግን የዓለም ጤና ድርጅት እንዶድን በይፋ ለመደገፍ ለዓመታት ወደኋላ አለ። የተጠየቀው፣ መርዛማነቱ ዓለም አቀፍ እውቅና ባለው ላቦራቶሪ፣ በወጣው ደንብ መሠረት ይመርመር የሚል ነበር። ጥያቄው በራሱ ስህተት አይደለም። ለሰው ውኃ የሚገባ ነገር መመርመር አለበት። ችግሩ እንዲህ ያለው ላቦራቶሪ እንዶዱ በሚበቅልበት አገር አለመኖሩ ነው። ወጪውን የሚችለው ደግሞ ትልቅ የኬሚካል ኩባንያ ነው፤ ድሃ ገበሬ በጓሮው ሊያበቅለው ከሚችል ተክል የሚያተርፍ ኩባንያ የለም። አዲስ አበባ ላይ የተሠራው የዓመታት ሥራ ሌላ አገር ካልተደገመ ሙሉ አልሆነም።

ይህ ለአንድ ሳይንቲስት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ያየኸውን አይተሃል። ቆጥረሃል። ሕፃናቱ ድነዋል። ግን የታየው ከዚህ በመሆኑ ብቻ ማስረጃህ በግማሽ ይቆጠራል።

ዶክተር አክሊሉ ተስፋ አልቆረጡም። ከእሳቸው ጋር የግብርና ባለሙያው ዶክተር ለገሰ ወልደዮሐንስ ነበሩ። ዶክተር ለገሰ ከየቦታው የተሰበሰቡ 65 የእንዶድ ዓይነቶችን አወዳደሩ፤ ከእነዚያም ውስጥ በምርቱም በኃይሉም የተሻለውን፣ ቁጥር 44 የሚባለውን መረጡ። ዶክተር አክሊሉ ራሳቸው በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ውስጥ ሠሩ፤ ኋላም ፍሎረንስ ጣሊያን በሚገኘው የዩኒሴፍ የሕፃናት ማዕከል ምክትል ዳይሬክተር ሆኑ። እንዶዱን ግን አልተዉም። በ1983 ሉሳካ ዛምቢያ ላይ፣ በ1986 ደግሞ ስዋዚላንድ ላይ የእንዶድ ተመራማሪዎች ተሰበሰቡ። የስዋዚላንዷ ኬሚስት ሊዲያ ማኩቡ ከዋነኞቹ አንዷ ነበሩ። በካናዳ ድጋፍ ኦታዋ በሚገኝ ዩኒቨርሲቲ የመርዛማነት ምርመራው ተሠራ። ቀድሞ ከተነገረው ብዙም አልራቀም።

አሁን ታሪኩ ብዙ ሰው ወደማያውቀው ክፍል ይገባል። በእነዚህ ሁለት ስብሰባዎች መካከል፣ በ1984፣ ቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ኦስቲን ውስጥ በጆን ሮበርተስ የሚመራ ቡድን ከእንዶድ ሌላ ነገር አወጣ። ከፍሬው ሳይሆን ከቅጠሉ። ሳሙና መሰል ኬሚካል ሳይሆን ፕሮቲን። በተክሉ ሳይንሳዊ ስም መነሻነት ዶዴካንድሪን አሉት። ሥራው ቀንድ አውጣ መግደል አይደለም። ሥራው ራይቦዞምን ማቆም ነው።

ራይቦዞም ምንድን ነው? ባዮሎጂ ክፍል ውስጥ ነጥብ ሆኖ የተሣለላችሁን አስታውሱ። በአካላችሁ ባሉ አብዛኞቹ ሴሎች ውስጥ ሚሊዮኖች አሉ። አንዲት ፀጉር ውፍረት ላይ ጎን ለጎን ብንደረድራቸው ወደ 3,000 የሚሆኑ ይሰለፋሉ። ሥራቸው ልብስ ሰፊ ቤት እንዳለው የስፌት መኪና ነው። ዲኤንኤ የልብሱ ዲዛይን የተቀመጠበት መዝገብ ነው፤ ከሳጥኑ አይወጣም። ቅጂው ብቻ ይወጣል። ራይቦዞም ቅጂውን እያነበበ አሚኖ አሲዶችን አንድ በአንድ ይሰፋል፤ የተሰፋው ፕሮቲን ነው። ጡንቻችሁ፣ ደማችሁ ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው፣ ኢንሱሊናችሁ፣ ሁሉም ከዚህ መኪና ይወጣል።

ዶዴካንድሪንና ዘመዶቹ ይህን መኪና እንዴት ያቆሙታል? መልሱ በ1987 ከጃፓን መጣ። ያኤታ ኤንዶ የሚባሉ ተመራማሪ ከባልደረባቸው ጋር፣ በእኛም አገር በየጓሮው የሚበቅለው የጉሎ ፍሬ ውስጥ ያለውን ሪሲን የተባለ መርዝ አጠኑ። ሪሲን ከእንዶዱ ፕሮቲን ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። መርዙ ራይቦዞሙን አይሰባብረውም። ከሺዎች ፊደላት ውስጥ አንዷን ብቻ፣ አንዲት አዴኒን፣ ነቅሎ ይጥላል። የስፌት መኪናውን እንዳለ ትታችሁ መርፌውን ብቻ እንደመንቀል ቁጠሩት። ከውጭ ስታዩት መኪናው አለ። አይሰፋም እንጂ። አንድ የሪሲን ሞለኪውል በደቂቃ ከሺህ በላይ ራይቦዞሞችን እንዲህ ሊያደርግ ይችላል።

ተክሉ እንዲህ ያለ አደገኛ ነገር ቅጠሉ ውስጥ ለምን ያስቀምጣል? የሮበርተስ ቡድን በእንዶድ አሜሪካዊ ዘመድ ላይ ባደረገው ጥናት ፕሮቲኑ የሚቀመጠው ከሴሉ ውጭ፣ ግድግዳው ላይ ሆኖ ተገኘ። ሐሳቡ ይህ ነው። ቫይረስ ሴሉን በስቶ ሲገባ መርዙም አብሮ ይገባል፤ የተነካው ሴል የራሱን ራይቦዞሞች አጥቶ ይሞታል፤ ቫይረሱም የሚባዛበት መኪና ያጣል። አንድ ሴል ይሠዋል፣ ተክሉ ይተርፋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። እንዶድ አይጠጣም፤ ቅጠሉም አይታኘክም። ስልካችሁ ላይ ይህን ይፈውሳል፣ ያንን ያስወርዳል የሚል ቪዲዮ ካያችሁ እለፉት። አሁን ያነበባችሁት ምክንያቱን ይነግራችኋል። የእንዶድ ዘመዶችን ፕሮቲን ከፀረ እንግዳ አካል ጋር አጣብቆ የካንሰር ሴልን ብቻ እንዲመታ ለማድረግ ሳይንቲስቶች ሞክረዋል። ቤት ውስጥ በሻይ ብርጭቆ የሚሞከር ነገር ግን አይደለም።

ራይቦዞምን ማቆም ደግሞ ሁልጊዜ ክፉ አይደለም። ወደ ኦቶና እንመለስ። ከሆስፒታሉ ፋርማሲ ሰው ይዞት ከሚወጣው መድኃኒት ውስጥ ዶክሲሳይክሊን፣ አዚትሮማይሲን፣ ጄንታማይሲን አሉ። እነዚህ ሁሉ የሚሠሩት የባክቴሪያን ራይቦዞም በመያዝ ነው። የባክቴሪያ ራይቦዞም ከእኛ በጥቂቱ ይለያል፤ መድኃኒቱም በዚያች ልዩነት ገብቶ የእሱን አቁሞ የእኛን ይተዋል። ልዩነቷ የት እንዳለች ለማወቅ ግን መኪናውን ፈትቶ ማየት ያስፈልጋል። ይህ የአንድ ሙሉ የሳይንስ ዘርፍ ሥራ ነው፤ ስትራክቸራል ባዮሎጂ ይባላል። የሕይወትን ሞለኪውሎች ቅርጽ አቶም በአቶም ማየት ማለት ነው።

መጀመሪያ ያዩት በኤክስሬይ ነው። ሞለኪውሉ እንደ ጨው ክሪስታል እንዲሆን ይደረጋል፣ ኤክስሬይ ይተኮስበታል፣ ጨረሩ ተበትኖ ከሚተዋቸው ነጥቦች ቅርጹ በሒሳብ ይሠራል። ራይቦዞም በጣም ትልቅና ለስላሳ ስለሆነ አይቻልም ያሉ ብዙ ነበሩ። እስራኤላዊቷ አዳ ዮናት በ1980 ገደማ ጀምረው ሃያ ዓመት ያህል ለፉበት። በ2000 የራይቦዞም ሁለቱ ክፍሎች በዝርዝር ታዩ። በ2009 ዮናት፣ ቶማስ ስታይትስና ሕንድ የተወለዱት ቬንካትራማን ራማክሪሽናን የኬሚስትሪ ኖቤል ተካፈሉ። ከዚያ ክሪስታል የማያስፈልገው መንገድ መጣ። ናሙናውን በቅጽበት አቀዝቅዞ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ እጅግ ብዙ ፎቶ ማንሳትና በኮምፒውተር ማዋሃድ ነው። እሱም በ2017 ኖቤል አገኘ። በ2024 ደግሞ ተራው የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ሆነ። አልፋፎልድ የተባለው ፕሮግራም የፕሮቲንን ቅርጽ ከፊደሉ ተነስቶ ይገምታል፤ ከ200 ሚሊዮን በላይ ግምቶች ኢንተርኔት ላይ በነፃ ተቀምጠዋል።

ዶክተር አክሊሉ ይህን ሁሉ አላዩም። የራይቦዞም ምስል ሲወጣ ከሞቱ ሦስት ዓመት ሆኗቸው ነበር። የመጨረሻዎቹ ዓመታት ግን ሁለት ነገር ሰጧቸው፤ አንድ ክብርና አንድ ጥያቄ።

ክብሩ በ1989 መጣ። እሳቸውና ዶክተር ለገሰ ስቶክሆልም ላይ ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት በጋራ ተቀበሉ። ብዙዎች አማራጩ ኖቤል ይሉታል። ምክንያቱም ለድሃ የሚሆን የቢልሃርዚያ መከላከያ አግኝተው ያለመታከት መሟገታቸው ነበር።

ጥያቄው በ1990 ከአሜሪካ ተነሳ። ዶክተር አክሊሉ ኦሃዮ ወደሚገኘው ቶሊዶ ዩኒቨርሲቲ ሲሄዱ፣ የሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች በአንድ መጤ ዛጎል ለባሽ እንስሳ ተወረው ነበር። ይህ እንስሳ የውኃ ቧንቧ እየደፈነ ብዙ ገንዘብ ያስወጣ ነበር። እሱም የቀንድ አውጣ ዘመድ ነው። ታዲያ እንዶድ ለምን አይሞከርም? ተሞከረ፣ ገደለው። ግኝቱ በ1990ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ ፓተንት ተደረገ፤ ዶክተር አክሊሉም ከፈልሳፊዎቹ አንዱ ሆነው ተመዘገቡ፤ ባለመብቱ ዩኒቨርሲቲው ሆነ። ከዚያ ወዲህ ስለ ብዝኃ ሕይወት መብት በሚደረግ ክርክር እንዶድ ደጋግሞ ይነሳል። እንዶድን ለዘመናት መርጠው፣ ጠብቀው፣ ወቅጠው ያቆዩት የኢትዮጵያ እናቶች ከዚህ ምን ደረሳቸው? ዶክተር አክሊሉ በሁለቱ መካከል የቆሙ ሰው ነበሩ። ስማቸው ወረቀቱ ላይ አለ፤ እውቀቱን ያገኙት ግን ስማቸው ያልተጻፈ ሴቶች ከሚያጥቡበት ወንዝ ዳር ነው።

በሚያዝያ 1997 አረፉ። ስልሳዎቹን በቅጡ አልጀመሩም ነበር።

ከሞቱ በኋላ ምን ሆነ? እንዶድ እንደታሰበው በየወንዙ አልተሰራጨም። ዓለም ፊቱን ወደ ክኒን አዞረ፤ ክኒኑ ጠቃሚ ነው፣ ትምህርት ቤት ድረስ ይደርሳል። ግን ልጁ ተመልሶ ወንዝ ይገባል። በ2017 የዓለም ጤና ድርጅት ቀንድ አውጣን በኬሚካል ስለመቆጣጠር የሚያስረዳ መመሪያ አወጣ፤ ክኒን ብቻውን አይበቃም የሚለው ሐሳብ ተመለሰ ማለት ነው። ዋናው ኬሚካል ግን ዛሬም ከፋብሪካ የሚወጣው ነው። እንዶድ እንደ ድሮው አጥር ላይ አለ።

ዶክተር አክሊሉን በሕይወት ሳሉ ያስቸገራቸው ማየት አለመቻል አልነበረም። እሳቸው አይተዋል። ያስቸገራቸው፣ ያዩትን ለማረጋገጥ የሚያስፈልገው መሣሪያ ሁሉ የሌላ ሰው ቤት መሆኑ ነው። ፍሬው ካሊፎርኒያ ተተነተነ፣ ቅጠሉ ቴክሳስ፣ ደኅንነቱ ካናዳ፣ ፓተንቱ ኦሃዮ። ከዚያ ወዲህ የተለወጠ ነገር አለ። ሶዶ ያለ ተማሪ ስልኩን አውጥቶ ፕሮቲን ዳታ ባንክ በተባለው ነፃ መዝገብ ውስጥ የራይቦዞምን ቅርጽ በጣቱ ማዞር ይችላል። በ1993 የታየው የእንዶድ አሜሪካዊ ዘመድ ፕሮቲንም እዚያው አለ። በዶክተር አክሊሉ ዘመን ይህን ለማየት ውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ መግባት ያስፈልግ ነበር። ዛሬ የሚያስፈልገው ካርድና ትንሽ ትዕግሥት ነው።

ያልተለወጠም አለ። ኤክስሬዩንም፣ የሚያቀዘቅዘውን ማይክሮስኮፕም ለመግዛት አቅማችን ገና ነው። ስልክ ላይ የሚታየው ሌሎች የመረጡት ነው። የትኛው ተክል፣ የትኛው ቅጠል፣ የትኛው ወንዝ ይታይ የሚለውን የሚመርጠው ቦታው ላይ የቆመ ሰው ነው። አልፋፎልድ ደምባ ጊራራ ወንዝ ዳር ወርዶ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን ማየት አይችልም።

ስለዚህ ምናልባት ነገ ወይም ከነገ ወዲያ ወንዝ ስትሻገሩ፣ አረፋው የሚወርድበትን በኩል ተመልከቱ። አንድ ሰው ከስልሳ ዓመት በፊት እንዲህ ቆሞ ስለተመለከተ ነው ዛሬ ይህን የምናወራው። ኦቶና ወረፋ ላይ ያለው ልጅ ግን አሁንም የሚጠይቀው ያንኑ ነው። ክኒኑን ውጫለሁ፤ ወንዙስ?